ሰርቨሩ «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» ሲል ምን ይደረግ? ደረጃ በደረጃ

ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከባሕር ዳርም የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ሳይቱ ቆመ፤ ‹ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ› ይላል። ቁጥሩን ስንት ላድርገው?» ቁጥሩ የሚመጣው ወደ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኮኔክሽኖቹን (ወደ ዳታቤዙ የተከፈቱትን መስመሮች) ማን እንደያዛቸውና ምን እየሠራባቸው እንደሆነ ነው። እሱን ሳታውቁ 151 የነበረውን ገደብ (መደበኛው ቁጥር ነው) 500 ብታደርጉት ሳይቱ ለጊዜው ይነሣል። ከዚያ 500ውም ይሞላል፤ ያኔ ደግሞ ሜሞሪውን ጨርሶ ነው የሚወድቀው።

መመሪያው ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢን በሊነክስ ሰርቨር ላይ ለሚያስኬዱ ነው። ሳይቱ በፒኤችፒም በኖድም በጃንጎም ቢሠራ ችግሩ ያው ነው። ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙም ወደ መጨረሻ አጭር ነገር አለች።

ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ስትገቡ ግን በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ። በስሞቹ መሀል የምታዩት የታች ሰረዝ እንዳለ ይገባል።

የሚያስፈልጓችሁ

- ወደ ሰርቨሩ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ የመግቢያ) ፈቃድ፣ ከሱዶ (የአስተዳዳሪ) መብት ጋር
- የዳታቤዙ አስተዳዳሪ አካውንትና ይለፍ ቃል (ሳይቱ ራሱ የሚጠቀምበት አካውንት አይበቃም፤ ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታገኛላችሁ)
- ቲመክስ ወይም ስክሪን የተጫነበት ሰርቨር
- የዕለቱ ባክአፕ
- የዳታቤዙ፣ የፒኤችፒውና የአፓቼው ኮንፊግ ፋይሎች የት እንዳሉ ማወቅ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ደረጃ 6 ላይ ለምትሠሩት ሂሳብ

ቲመክሱን አትናቁት። እኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። በሞባይል ዳታ ስትሠሩ ደግሞ መስመሩ መቼ እንደሚቆረጥ አይታወቅም። ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) እየጨመራችሁ ኤስኤስኤቹ ቢበጠስ ሥራው የት እንደደረሰ ማወቂያ አይኖራችሁም። ቲመክስ ውስጥ ከሆናችሁ ግን መብራት ሲመጣ ተመልሳችሁ ገብታችሁ ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት

ዳታቤዙን ወዲያው ሪስታርት አታድርጉ። ሪስታርት ስታደርጉ ማን ኮኔክሽኑን እንደያዘ የሚያሳየው ማስረጃ በሙሉ ይጠፋል። ሳይቱ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ነገ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይቆማል፤ እናንተም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የዳታቤዙን ፕሮሰስ በ«ኪል -9» አትግደሉ። ሥራ ላይ እያለ በግድ የተገደለ ዳታቤዝ ሲነሣ ያልተጠናቀቁ ሥራዎችን መልሶ ማስተካከል አለበት። ትልቅ ሥራ ላይ ከነበረ ይኼ ማስተካከል ሳይቱ ከቆመበት ጊዜ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ስሕተቱን በደንብ አንብቡት

«ዳታቤዙ እምቢ አለ» የሚባለው ሁሉ አንድ ችግር አይደለም። ከመልእክቱ ጎን ያለውን ቁጥር እዩ።

- 1040 ከሆነ ሰርቨሩ በአጠቃላይ የፈቀደው ኮኔክሽን ሞልቷል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእሱ ነው።
- 1203 ወይም 1226 ከሆነ የሞላው የአንድ ተጠቃሚ ድርሻ ብቻ ነው። ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ሳይቶች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት) ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይኼ ነው። (1226 በሰዓት የተፈቀደ የኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ብዛት ሲያልፍም ይመጣል፤ የትኛው ገደብ እንደሆነ መልእክቱ ላይ ስሙ ተጽፏል።)
- 2002 ከሆነ ዳታቤዙ ጭራሽ አልተነሣም ወይም አድራሻው ተሳስቷል። ኮኔክሽን መቁጠር አይጠቅማችሁም፤ ዳታቤዙ ለምን እንደወደቀ የራሱን ሎግ እዩ።

እዚሁ ላይ ሰዓቱንም አጣሩ። ደንበኛው ስልክ ደውሎ «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የቆመው» ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 06:00 ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 09:00። ይህን ሳያስተካክሉ ሎግ ላይ 03:00ን ሲፈልጉ የሚያረፍዱ ብዙ ናቸው። 03:00 ላይ ምንም የለም፤ ሰው ተኝቷል።

ደረጃ 2፦ በተያዘላችሁ ቦታ ግቡ

ማይኤስኪውኤል ከተፈቀደው ቁጥር በላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ ለአስተዳዳሪ ያስቀምጣል። ገደቡ 151 ከሆነ 152ኛው የእናንተ ነው። ሁሉም ሞልቶ ሳለ ገብታችሁ ማየት የምትችሉት በዚህች ቦታ ነው።

ሳይቱ ራሱ በሩት (ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ባለው) አካውንት ወደ ዳታቤዙ የሚገባ ከሆነ ግን ቦታዋን እሱ ይወስዳታል፤ እናንተ ውጭ ትቀራላችሁ። ይህን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ሳይቱን የሠራው ልጅ ለመቸኮል ሲል ሩትን ሰጥቶት ይሄዳል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። እንዲህ ከሆነ አሁኑኑ ማስታወሻ ያዙ፤ ደረጃ 8 ላይ ትመለሱበታላችሁ።

መግባት ካልቻላችሁ ከዳታቤዙ በፊት የሳይቱን በኩል አቁሙ። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤምን ወይም አፓቼን ስታቆሙ የእነሱ ኮኔክሽኖች ይለቀቃሉ፣ በር ይከፈትላችኋል። ዳታቤዙ ውስጥ የተጀመረ ከባድ ኩዌሪ ካለ ግን ሳይቱ ከቆመም በኋላ ትንሽ ሊቀጥል ይችላል፤ እሱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፎቶ አንሱ

ገብታችሁ ከሆነ ምንም ሳትገድሉ የሚከተለውን ስጡ።

ሾው ፉል ፕሮሰስሊስት;

«ፉል» የምትለዋን አትርሱ። ያለሷ ኩዌሪው ከ100 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ የምትፈልጉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለው ነው። ውጤቱን ወደ ፋይል ገልብጡት። ከ30 ሰከንድ በኋላ ድገሙትና ሁለተኛ ፋይል አስቀምጡ። ሁለት ፎቶ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀሰውንና የቆመውን ለመለየት ነው። አንዱ ላይ ያለ ቁጥር ሁለተኛው ላይም እዚያው ኩዌሪ ላይ ከሆነ ተጣብቋል ማለት ነው።

ቀጥሎ እነዚህን ከ«ሾው ግሎባል ስታተስ» ውስጥ ጻፏቸው።

- ትሬድስ_ኮኔክትድ፦ አሁን ስንት ኮኔክሽን ተከፍቷል
- ትሬድስ_ረኒንግ፦ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ እውነት ሥራ ላይ ነው
- ማክስ_ዩዝድ_ኮኔክሽንስ፦ ከተነሣ ወዲህ እስከ ስንት ደርሶ ያውቃል

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ብቻውን ግማሹን መልስ ይሰጣችኋል። 150 ተከፍቶ 3 ብቻ እየሠራ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 «ሀ» ትሄዳላችሁ። 150 ተከፍቶ 140 እየሠራ ከሆነ ወደ «ለ»።

ደረጃ 4፦ ተኝተዋል ወይስ እየሠሩ ነው?

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ፕሮሰስሊስቱ ዓምዶቹን ሲያሳጥሩት ይህን ይመስላል፤ ቁጥር፣ ተጠቃሚ፣ ኮማንድ፣ ሰከንድ፣ ኩዌሪ።

4127 | ምዝገባ | ስሊፕ | 5210 | ባዶ
4131 | ምዝገባ | ስሊፕ | 5198 | ባዶ
4390 | ምዝገባ | ኩዌሪ | 47 | ሰሌክት * ፍሮም ውጤት ዌር ስልክ = 09…
4392 | ምዝገባ | ኩዌሪ | 46 | ሰሌክት * ፍሮም ውጤት ዌር ስልክ = 09…

ከላይ ያሉት ሁለቱ ሥራቸውን ጨርሰው አልወጡም። ማኪያቶውን ጠጥቶ ሲያበቃ ወንበሩን ይዞ እንደተቀመጠ ሰው ናቸው፤ አስተናጋጇን አያደክሟትም፣ ግን አዲስ ሰው መቀመጫ የለውም። ከታች ያሉት ሁለቱ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው፤ ግን 47 ሰከንድ ለአንድ ውጤት ብዙ ነው።

መስመሮቹ ብዙ ከሆኑ በዓይን ከመቁጠር ዳታቤዙ ራሱ ይቁጠርላችሁ።

ሰሌክት ዩዘር፣ ኮማንድ፣ ካውንት(*) ፍሮም ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ፕሮሰስሊስት ግሩፕ ባይ ዩዘር፣ ኮማንድ;

*ሀ. የበዙት ስሊፕ ከሆኑ*

ፒኤችፒ በተለምዶ ገጹን ጨርሶ ሲወጣ ኮኔክሽኑን ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ በሺዎች ሰከንድ የተኛ የፒኤችፒ ኮኔክሽን ካያችሁ በሚከተለው ቅደም ተከተል ፈልጉ።

መጀመሪያ ፐርሲስተንት ኮኔክሽን። ፒዲኦ ላይ «አትር_ፐርሲስተንት» በርቶ፣ ወይም ማይኤስኪውኤልአይ ላይ ከሆስቱ ስም በፊት «ፒ፦» ተጽፎ ከሆነ እያንዳንዱ የፒኤችፒ ሠራተኛ ፕሮሰስ ኮኔክሽኑን ሳይለቅ ይዞ ይቆያል። ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ የሚገባ ነገር ነው። ዳታቤዙ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ አዲስ ኮኔክሽን መክፈት ብዙም ስለማያስከፍል ትርፉ ትንሽ ነው። አጥፉት።

ሁለተኛ የኖድ፣ የጃቫ ወይም የፓይተን ፑል፣ ማለትም ተከፍተው የሚጠብቁ ኮኔክሽኖች ስብስብ። ፑል ኮኔክሽን ከፍቶ ማቆየቱ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው ነው። ችግሩ ማባዛቱ ላይ ነው። ኖድ ላይ የማይኤስኪውኤል2 ፑል ካልነካችሁት እስከ 10 ይከፍታል። በፒኤም2 (የኖድ ፕሮሰሶችን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) 8 ፕሮሰስ ካስነሣችሁ ግን 80 ነው። ከዚህ የባሰው ፑሉን በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ እንደ አዲስ የሚፈጥር ኮድ ነው። ፑል የሚፈጠረው ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኖድ ከሆነ ኮዱ ውስጥ «ክሬትፑል» የሚለው የት እንዳለ ፈልጉ፤ የጥያቄ ፈንክሽን ውስጥ ካገኛችሁት ሌባው ተይዟል።

ሦስተኛ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚነሡ ስክሪፕቶች። ኤስኤምኤስ የሚልክ ወይም ዋጋ የሚያድስ ስክሪፕት ኮኔክሽን ከፍቶ የሌላ ኩባንያ መልስ ሲጠብቅ ይቆያል። መልሱ ካልመጣ ይንጠለጠላል። ክሮኑ ደግሞ በየደቂቃው አዲስ ያስነሣል። በአንድ ሰዓት 60 የተንጠለጠሉ ስክሪፕቶች ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ለውጭ ጥሪው የጊዜ ገደብ ስጡት፣ ክሮኑንም በ«ኤፍሎክ» አስነሡት፤ የቀድሞው ሳያልቅ አዲሱ አይነሣም።

አሁኑኑ ለመተንፈስ ከፈለጋችሁ ደግሞ የተኙትን የሚያስወጣውን ጊዜ አሳጥሩ። «ዌይት_ታይምአውት» ካልነካችሁት 28800 ሰከንድ ነው፤ 8 ሰዓት ሙሉ። ለተለመደ የፒኤችፒ ሳይት ከ60 እስከ 300 ሰከንድ ይበቃል።

ሴት ግሎባል ዌይት_ታይምአውት = 120;

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ለውጡ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ለሚከፈቱ ኮኔክሽኖች ነው፤ አሁን የተኙትን አይቀሰቅስም። እነሱን «ኪል 4127;» እያላችሁ ታስወጧቸዋላችሁ። ሌላው፣ ፑል የምትጠቀሙ ከሆነ የፑሉ ኮኔክሽን ዕድሜ ከዚህ ጊዜ ማነስ አለበት። አለበለዚያ ፑሉ በሕይወት አለ ብሎ የሚሰጣችሁ ኮኔክሽን ሞቶ ይገኝና ስሕተት 2006 «ሰርቨር ሃዝ ጎን አዌይ» ይመጣል።

*ለ. የበዙት ኩዌሪ ከሆኑ*

ኮኔክሽኑ የበዛው ሰው ስለበዛ ላይሆን ይችላል። አንድ ኩዌሪ 0.05 ሰከንድ ሲፈጅ በሰከንድ 100 ሰው ቢመጣ በአንድ ጊዜ የተያዘው ኮኔክሽን በአማካይ 5 ነው። ያው ኩዌሪ 2 ሰከንድ ከፈጀ ግን 200 ይሆናል። ሰዉ አልጨመረም፤ ኩዌሪው ነው የዘገየው። ለዚህ ነው ገደቡን ከፍ ማድረግ እዚህ ላይ የማይረዳው። 200 ቀርፋፋ ኩዌሪ በአንድ ጊዜ ስታስገቡ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን እርስ በርስ ይሻሙና ሁሉም 2 ሰከንድ የነበረው 10 ይሆናል።

ፎቶዎቻችሁ ላይ ደጋግሞ የሚመጣውን ኩዌሪ ውሰዱና ከፊቱ «ኤክስፕሌይን» ጨምራችሁ አስኪዱት። «ታይፕ» የሚለው ዓምድ ሥር «ኦል» ካላችሁ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከራስ እስከ እግሩ እያነበበው ነው። «ኪ» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ኢንዴክስ አልተጠቀመም።

የኮሌጅ ውጤት ማሳያ ሳይት እናስብ። ተማሪው ስልኩን ያስገባል፣ ውጤቱ ይመጣል። በሙከራ ጊዜ በ200 ተማሪ ሲታይ ይበርራል። 60 ሺህ መስመር ሲገባበትና ውጤት ሲለቀቅ ጠዋቱን ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ይወድቃል። የስልክ ዓምዱ ኢንዴክስ ስለሌለው እያንዳንዱ ተማሪ 60 ሺህ መስመር ያስነብባል።

ኢንዴክስ ኖሮም የማይሠራበት አንድ ወጥመድ አለ፤ እኛ ጋ ከስልክ ቁጥር ጋር በተደጋጋሚ ይመጣል። ስልኩ በ0 ስለሚጀምር ዓምዱ ቫርቻር ይደረጋል፤ ትክክል ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ቁጥሩ ያለ ጥቅስ ምልክት ይጻፋል። ዓምዱ ጽሑፍ፣ ማነጻጸሪያው ቁጥር ሲሆን ማይኤስኪውኤል በኢንዴክሱ መፈለግ አይችልም፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየለወጠ ያነጻጽራል። ከላይ ያለው ምሳሌ ላይ 47 ሰከንድ የፈጀው ኩዌሪ ጥቅስ እንደሌለው አይታችኋል? ጥቅስ ምልክቱን ስትጨምሩ፣ ይልቁንም ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቅማችሁ እንደ ጽሑፍ ስትልኩት ኢንዴክሱ ይነሣል። ፍለጋው በ«ላይክ» ሆኖ ከፊቱ የፐርሰንት ምልክት ካለበትም እንደዚሁ ኢንዴክሱ ዋጋ የለውም።

ኢንዴክስ ለመጨመር፦

ክሬት ኢንዴክስ አይዲኤክስ_ስልክ ኦን ውጤት (ስልክ);

ይህን ሰው በማይበዛበት ሰዓት አድርጉት። ከማስኬዳችሁ በፊት ደግሞ ያ ሠንጠረዥ ላይ ረጅም የቆየ ሥራ እንደሌለ አረጋግጡ። ካለ የእናንተ ትእዛዝ እሱን ይጠብቃል፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ እናንተን ይጠብቃል። ሊያክም የገባ ሰው ሳይቱን ራሱ ያቆመዋል።

*ሐ. አንዱ የተኛ ሁሉንም ይዞ ከሆነ*

ኩዌሪዎቹ በሙሉ «ዌይቲንግ ፎር ቴብል ሜታዳታ ሎክ» የሚል ሁኔታ ላይ ከሆኑ፣ ወይም ቀላል የሆነ አፕዴት 50 ሰከንድ ቆይቶ በስሕተት 1205 የሚወጣ ከሆነ ጥፋተኛው ከሚሠሩት መሀል ላይሆን ይችላል። ከተኙት አንዱ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ የሥራ ጥቅል) ከፍቶ ሳይዘጋ ተኝቷል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ በዴስክቶፕ ፕሮግራም ገብቶ፣ አፕዴት አድርጎ፣ ኮሚት (አጽድቅ) ሳይል ለምሳ ሲወጣ የሚሆነው ይኼ ነው። እሱ ሽሮውን እየበላ ሳይቱ በሙሉ ይጠብቀዋል።

ለማግኘት፦

ሰሌክት ቲአርኤክስ_ስታርትድ፣ ቲአርኤክስ_ማይኤስኪውኤል_ትሬድ_አይዲ ፍሮም ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ኢኖዲቢ_ቲአርኤክስ ኦርደር ባይ ቲአርኤክስ_ስታርትድ;

ከላይ የሚመጣው ከሁሉ የቆየው ነው። ቁጥሩን ፕሮሰስሊስቱ ላይ ፈልጉና የማን እንደሆነ እዩ። ከመግደላችሁ በፊት ሰውየውን ደውሉለት። ስትገድሉት ያልተቀመጠ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ግማሽ ቀን ሲያስገባ የዋለው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ እውነት ሰው በዝቶ ወይስ ቦት ነው?

ኩዌሪዎቹ ፈጣን ሆነው፣ የተኛም ሳይኖር ከሞላ የዌብ ሰርቨሩን አክሰስ ሎግ እዩ። ዎርድፕሬስ ከሆነ መጀመሪያ «ኤክስኤምኤል-አርፒሲ» (ሌሎች ፕሮግራሞች ከርቀት ሳይቱን የሚያዙበት ፋይል) እና የመግቢያ ገጹ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠሩ ቁጠሩ። ይለፍ ቃል የሚሞክሩ ቦቶች የሚመጡት በእነዚህ ሁለት በሮች ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ዳታቤዝ ይነካል። ኤክስኤምኤል-አርፒሲን ካልተጠቀማችሁበት ዝጉት፤ መግቢያው ላይ የሙከራ ገደብ አድርጉ።

አይፒ አድራሻ ለመዝጋት ግን አትቸኩሉ። የሞባይል ዳታ ተጠቃሚዎች ብዙ ሆነው በአንድ አድራሻ ሊታዩ ይችላሉ። ከአንድ አድራሻ 400 ጥያቄ አይታችሁ ቦት ነው ብላችሁ ስትዘጉት የቡሬንና የደንበጫን ደንበኞች በሙሉ ልትዘጉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ምን ገጽ እንደሚጠሩ እዩ። ሰው የተለያየ ገጽ ያያል፤ ቦት አንድ በር ያንኳኳል።

ደረጃ 6፦ ሂሳቡን በወረቀት ሥሩ

ወደ ዳታቤዙ የሚገባውን ሁሉ፣ እስከ ስንት ሊከፍት እንደሚችል ጻፉ። ለምሳሌ፦

- የመጀመሪያው ሳይት፣ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም «ፒኤም.ማክስ_ችልድረን» (የሠራተኛ ፕሮሰሶቹ ጣሪያ) 40
- ሁለተኛው ሳይት፣ 30
- ኖድ፣ 4 ፕሮሰስ × 10 = 40
- ክሮን፣ 5
- ባክአፕና አስተዳዳሪ፣ 5

ድምሩ 120። ገደቡ 151 ከሆነ ይበቃል። ኖዱን 8 ፕሮሰስ ብታደርጉት ግን 160 ይሆናል፤ አልፏል። ሳይቱ ሁልጊዜ ሳይሆን ጥድፊያ ባለበት ቀን ብቻ የሚወድቀው ለዚህ ነው። በአዘቦት ቀን ሁሉም አንድ ላይ ጣሪያውን አይነካም።

ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ አፓቼን ከነፒኤችፒው በፕሪፎርክ (ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ፕሮሰስ በሚመድበው አሠራር) የምታስኬዱ ደግሞ «ማክስ_ሪኩዌስት_ወርከርስ» የሚለውን እዩ (ይቺኛዋ ፋይሉ ላይ ያለ ሰረዝ ተገጣጥማ ነው የምትጻፈው)። ካልተነካ 150 ነው። አንድ ገጽ ሁለት ኮኔክሽን የሚከፍት ከሆነ 300 ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

ድምሩ ካለፈ መጀመሪያ የሚቀነሰው የዌብ ሠራተኛው ቁጥር ነው። ግራ ሊያጋባ ይችላል። ግን ሠራተኛ ካነሰ ተጠቃሚው ዌብ ሰርቨሩ ጋ ጥቂት ይሰለፋል እንጂ የስሕተት ገጽ አያይም። ግማሽ ሰከንድ መጠበቅ ከ1040 ይሻላል።

ደረጃ 7፦ አሁን ገደቡን ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ሂሳቡ አሁንም ከ151 በላይ ከጠየቀ ጨምሩ። ከድምሩ 20 በመቶ ያህል ብቻ በላይ አድርጉት። እያንዳንዱ ኮኔክሽን ሲሠራ ለመደርደርና ሠንጠረዥ ለማጣመር የራሱን ሜሞሪ ይወስዳል። ሜሞሪው ሲያልቅ ሊነክስ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው።

ሴት ግሎባል ማክስ_ኮኔክሽንስ = 200;

ይህ ወዲያው ይሠራል፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን ይጠፋል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይም «ማይኤስኪውኤልዲ» በሚለው ክፍል ሥር ጻፉት። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ «ሴት ግሎባል» በማለት ፈንታ «ሴት ፐርሲስት» ካላችሁ ራሱ ያስቀምጠዋል።

ከሪስታርት በኋላ «ሾው ቫሪያብልስ ላይክ 'ማክስ_ኮኔክሽንስ';» ብላችሁ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። 500 ጽፋችሁ 214 ካገኛችሁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የፈቀደው የፋይል ብዛት 1024 ስለሆነ ነው፤ ዳታቤዙ ሎጉ ላይ ብቻ ጽፎ ራሱ ቀንሶታል። በሲስተምዲ የዳታቤዙ ሰርቪስ ላይ «ሊሚት_ኖ_ፋይል» የሚለውን ከፍ አድርጉ (እሷም ያለ ሰረዝ ናት)፣ ከዚያ ዴሞን-ሪሎድ፣ ከዚያ ሪስታርት።

ደረጃ 8፦ ለእያንዳንዱ ሳይት የራሱ አካውንትና የራሱ ድርሻ

ሩትን ከሳይቱ አውጡ። ለእያንዳንዱ ሳይት የተለየ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ፍጠሩና ድርሻ ስጡት።

ኦልተር ዩዘር 'ምዝገባ'@'ሎካልሆስት' ዊዝ ማክስ_ዩዘር_ኮኔክሽንስ 50;

ከዚህ በኋላ የምዝገባው ሳይት ቢያብድም የእህል ዋጋ የሚለጥፈውን ሳይት ይዞት አይወድቅም። ፕሮሰስሊስቱም ላይ ማን እንደሆነ በስሙ ታዩታላችሁ። ሁሉም «ሩት» ሲል ግን ፍለጋው ጭለማ ውስጥ ነው።

ደረጃ 9፦ ሳምንት ተከታተሉት

«ፍላሽ ስታተስ» ብላችሁ ማክስ_ዩዝድ_ኮኔክሽንስን ወደ አሁኑ ቁጥር መልሱት። ከዚያ በየቀኑ እዩት። ማይኤስኪውኤል 5.7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጣሪያው የተነካበትን ሰዓት «ማክስ_ዩዝድ_ኮኔክሽንስ_ታይም» ይነግራችኋል። የቀርፋፋ ኩዌሪ ሎጉንም አብሩት። «ሎንግ_ኩዌሪ_ታይም» በራሱ 10 ሰከንድ ስለሆነ 2 ሰከንድ የሚፈጁትን አይዝም፤ 1 አድርጉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- ዌይት_ታይምአውትን 5 ሰከንድ ማድረግ። ሪፖርት የሚያወጣ ገጽ በሁለት ኩዌሪ መሀል ፒዲኤፍ ሲያዘጋጅ ኮኔክሽኑ ይበጠስበታል።
- ፕሮሰስሊስቱ ላይ «ሲስተም ዩዘር» ወይም «ቢንሎግ ደምፕ» የሚለውን እንደ ተንጠለጠለ ቆጥሮ መግደል። እሱ የሬፕሊኬሽን (ዳታን ወደ ሌላ ሰርቨር የመገልበጥ) ሥራ ነው፤ ተዉት።
- ኮንፊጉን ቀይሮ ሪስታርት አለማድረግ፣ ወይም ዳታቤዙ የማያነበው ሌላ ፋይል ላይ መጻፍ።
- በየሌሊቱ ዳታቤዙን ሪስታርት የሚያደርግ ክሮን ማስገባት። ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ በዚያ ላይ ሜሞሪ ውስጥ የሞቀውን ዳታ ስለሚያጠፋው የጠዋቱ ሰው ቀርፋፋ ሳይት ያገኛል።

ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙ

አካሄዱ ያው ነው፤ ስሞቹ ይለያሉ። መደበኛው ገደብ 100 ሲሆን ከውስጡ 3 ለአስተዳዳሪ ይያዛል። በፕሮሰስሊስት ፈንታ «ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ»ን እዩ። እዚያ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል ካገኛችሁ ደረጃ 4 «ሐ» ላይ ያለው ሰውዬ እሱ ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ሙሉ ፕሮሰስ ስለሚያስነሣ ገደቡን ከማብዛት ፒጂባውንሰርን (ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙ ተጠቃሚ የሚያጋራ ፕሮግራም) ከፊቱ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ

የሰርቨሩን ጠቅላላ ገደብም ታይምአውትም መንካት አትችሉም። የምትችሉት የራሳችሁን ኩዌሪ ማፍጠን፣ ፐርሲስተንቱን ማጥፋትና ገጾችን ካሽ ማድረግ ነው። ያ ካልበቃ ወደ ቪፒኤስ (ራሳችሁ የምታዙበት ምናባዊ ሰርቨር) መዛወር ነው።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ካልተፈታ ስትደውሉ አራት ነገር ይዛችሁ ኑ፤ የስሕተቱን ቁጥር፣ ሁለቱን የፕሮሰስሊስት ፎቶ፣ የደረጃ 3 ሦስት ቁጥሮች፣ የደረጃ 6ን ወረቀት። ፎቶ ስትልኩ ኩዌሪው ውስጥ ያለውን የሰው ስም፣ ስልክና ይለፍ ቃል አጥፉና ላኩ።